ቅዳሜ ስለ ዓይነት ንድፈ ሐሳብ እንወያያለን

ውድ የቡድናችን አባላት፣

የዶክትሬት ጥናቷን በፕሮግራም ቋንቋዎችና በዓይነት ንድፈ ሐሳብ ላይ የምትሠራው እኅታችን ለእረፍት ድሬዳዋ መጥታለች። «ዓይነት» ስንል በፕሮግራም ውስጥ ያለ አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ለምሳሌ ቁጥር ወይም ጽሑፍ መሆኑን፣ የሚናገር መለያ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከዚራ በተለመደው ጥላ ሥር ስለ ሥራዋ ታጫውተናለች።

ርእሱ ያስፈራል፤ ነገሩ ግን ከአሸዋ ገበያ የራቀ አይደለም። ኪሎን ከሜትር ጋር የሚደምር ነጋዴ የለም፤ ኮምፒውተር ግን ሁለቱንም እንደ ተራ ቁጥር ካየ ሳያንገራግር ይደምራል። ወደ ማርስ የተላከችው የናሳ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1999 የጠፋችው አንዱ ፕሮግራም በፓውንድ ያሰላውን ግፊት ሌላው በኒውተን ስለ ቆጠረው ነበር። የእኅታችን ጥናት መለኪያውን የዓይነቱ አካል በማድረግ እንዲህ ያለው ስሕተት ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር እንዲያዝ ለማድረግ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የሎጂክ ሊቃውንቱ የከሪና የሃዋርድ ግኝት ነው፦ ዓይነት እንደ ሎጂክ ዓረፍተ ነገር፣ ፕሮግራም ደግሞ እንደ ማረጋገጫው ይነበባል። ይህን ለመረዳት ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል፤ እናንተ ፈጠን ትሉ ይሆናል።

ደብተር ይዛችሁ ኑ፤ ላፕቶፕ አያስፈልግም። የቡናው ተራ የእኔ ነው።