ያረጀ ፈረስ መኖ መቼ ይቀየር?

ውድ አባላት፣ ጎንደርም አዘዞም ላላችሁ፦

ፈረሱ 15 ዓመት ስላለፈው ብቻ መኖ አትቀይሩበት። ግርግሙ ሥር በግማሽ ታኝኮ በልጋግ የተድቦለቦለ ድርቆሽ ካገኛችሁ መንጋጋው መፍጨት አቅቶታል። ፋንድያው ውስጥ ረጅም ጭድ ወይም ድፍን ገብስ ከታየም እንደዚያው። ደረቱን ከፊት እግሩ ኋላ በገመድ ለኩና ቋጠሮ አስሩ፤ በየ15 ቀኑ ስትለኩ እየላላ ከመጣ ከስቷል። አስቀድሞ ግን የእንስሳት ሐኪም አፉን ይይለት። ችግሩ የሾለ ጥርስ ወይም የሆድ ትል ከሆነ መኖ ብቻውን አያነሳውም።

ለውጡ 10 ቀን ይውሰድ፦ በየሦስት ቀኑ ከድሮው ሩቡን ቀንሳችሁ በአዲሱ ተኩ። ድንገተኛ ለውጥ ትልቁን አንጀት ያውካል፣ ቁርጠት ያመጣል። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ጥርሱ ላለቀበት ለስላሳ ድርቆሽ አጥራችሁ ክተፉ፣ ገብሱን ሰንጥቁ። እህል በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ አይለፍ።

ፉርሽካን በውኃ አርጥቡት። ደረቁን ከጎረሰ ጉሮሮው ይወተፋል፣ ምራቅና መኖ በአፍንጫው ይመጣል፤ ያኔ መኖም ውኃም ከልክላችሁ ሐኪም ጥሩ። ርካሽ ነው ብላችሁም ፉርሽካ ብቻ አታብሉት፦ ፎስፎረሱ በዝቶ ካልሲየሙ ስለሚያንስ አጥንት ይጎዳል።

ለጥምቀት ጉግስ ይመርልን ብላችሁ በጥር መግቢያ ገብስ የምትቆልሉ ደግሞ፣ ለሽማግሌ ፈረስ ይህ ቁርጠት መግዛት ነው። ማወፈር ካማራችሁ ከኅዳር ጀምሩ።