ከኢየሩሳሌም ለአብሮ አደጌ

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። በቴሌቪዥን ጭሱን አይተሽ «እንዴት ነው የምትኖሩት?» ብለሽ ለላክሽው መልእክት «ደኅና ነኝ» ብቻ ብዬ መመለሱ ውሸት ስለመሰለኝ፣ ነገ በሰፊው እጽፋለሁ እያልኩ ቆየሁ።

የምኖርበት ሰፈር፣ ፒስጋት ዜኤቭ፣ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1967ቱ ጦርነት ከዮርዳኖስ በያዘችው በምሥራቅ ኢየሩሳሌም በኩል ነው። መንግሥት የዋና ከተማው አካል ነው ይላል፤ አብዛኛው ዓለም በወረራ የተያዘ መሬት ነው ይላል፤ እኔ የገባሁበት ኪራዩ ስለረከሰልኝ ነው። በዐረብኛው ጣቢያ እኔ ሰፋሪ ነኝ፣ በዕብራይስጡ ደግሞ የጎረቤት ሰፈር ልጆች ሁሉ ድንጋይ ወርዋሪ ናቸው። ቃሉ ያለ ምክንያት እንዳልተለጠፈብኝ ባውቅም፣ በእርሱ ብቻ ስጠራ ደስ አይለኝም።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 የጎረቤታችን የዐረቦች ሰፈር የሹዓፋት ባቡር ጣቢያ ተሰባብሮ በቴሌቪዥን ያየሽው እውነት ነበር። ጣቢያው ተጠግኖ ባቡሩ መመላለስ ሲጀምር ግን አንቺ ዘንድ የደረሰ ዜና አልነበረም። ባቡሩ እንደ እናንተው ቀላል ባቡር ያለ ሲሆን፣ ከእኛ ሰፈር ቤት ሐኒናንና ሹዓፋትን አቋርጦ በደማስቆ በር በኩል ወደ ያፎ መንገድ ይወጣል። ሹዓፋት ላይ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ትሳፈርና ካዕክ የሚባለውን ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ቆርሳ፣ በቁራጭ ጋዜጣ ከተጠቀለለው ዛዕተር ከሚባል ቅመም እያጠቀሰች ታቀብለኛለች። እኔም እሑድ እሑድ ከሰንበት የተረፈውን ዳቦ እወስድላታለሁ።

እዚህ ላይ ባቆም ግን እኔም በሌላ በኩል መዋሸቴ ነው። ባለፈው ወር በዳቦው ፈንታ ወፍራም ማኅደር ታቅፋ ገባች። የመብራትና የውኃ ሂሳብ፣ የማዘጋጃ ቤት ግብር ደረሰኝ፣ የልጆቿ የትምህርት ቤት ማስረጃ በየዓመቱ ተሰድሮበታል። እዚሁ ተወልዳ ብታድግም ያላት የዜግነት ሳይሆን የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ ነው፤ ለማዘጋጃ ቤት እንጂ ለፓርላማ አትመርጥም፤ ኑሮዋ ከከተማው ውጭ ነው ከተባለም መታወቂያው ሊሰረዝባት ይችላል። በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰሎሞን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭኜ መጥቼ ለአይሁዳውያን ዜግነት በሚሰጠው የመመለስ ሕግ ዜጋ የሆንኩት እኔ፣ ከሹዓፋት ውጭ ኖራ የማታውቀው ሴት እዚያው መኖሯን ለማስረዳት ደረሰኝ ስትቆጥር አጠገቧ ተቀምጬ አየሁ። አንዱ ወረቀት ሾልኮ ከወንበሩ ሥር ወደቀ፤ አንሥቼ ብሰጣት ከዐሥር ዓመት በፊት የተከፈለ የውኃ ሂሳብ ነው። በዚያን ቀን በከተማው ድንጋይ የወረወረም፣ ጭስ ያየም አልነበረም፤ ጋዜጠኛ ምን ብሎ ይመጣል?

እማማን ጉልበት ሳሚልኝ። የማኅደሩን ነገር ደግሞ በሚቀጥለው እነግርሻለሁ፤ ነርሷ ስለ መታወቂያዋ የያዘችው ቀጠሮ ለሌላ ቀን ተዛውሯል።

አብሮ አደግሽ