ገና ሳይነጋ ለምንጀምረው መዝሙር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዮናስ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለመጥፋቴ ምክንያት ብደረድርልህ እንደማታምነኝ ስለማውቅ ይቅርታህን በጅምላ ለምኜ ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ የቸገረኝ ነገር ያንተን ጆሮ ይፈልጋል።

እዚህ ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ አብሬያቸው የምዘምረው መዘምራን ለቀጣዩ ዝግጅት የመረጧቸው ሥራዎች ሁሉ ከሌሊት ወደ ንጋት የሚያሻግሩ ናቸው። መክፈቻው ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሳን ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1882 ያሳተመው የሌሊት ጸጥታ ውዳሴ ሲሆን፣ የፀሐይ ድምቀትና ጫጫታ ለቀላል ሰዎች መደሰቻ እንደሆነ ይናገራል፤ እስከ ቀትር ለምትተኛው ላንተ የተጻፈ ይመስላል። መዝጊያው ፈረንሳዊቷ የሙዚቃ ደራሲ ሊሊ ቡላንዤ እ.ኤ.አ. በ1912 ለፀሐይ የደረሰችው መዝሙር ነው፤ እሱ አያሳስበኝም፣ ሁሉም በሙሉ ድምፁ ስለሚዘምር ከብዙኃኑ ጋር እደበቃለሁ።

እንቅልፍ የነሳኝ መካከል ያለው የሌላው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ደራሲ የፎሬ «የዣን ራሲን መዝሙር» ነው። ፎሬ እ.ኤ.አ. በ1865 ገና የፓሪሱ ኒደርሜየር ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ደርሶት አንደኛ ሽልማት አግኝቶበታል። ግጥሙን ባለቅኔው ራሲን ወደ ፈረንሳይኛ ያዞረው በምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ማክሰኞ ሌሊት ከሚጸለይ የላቲን መዝሙር ነው፤ ዘማሪዎቹ የሌሊቱን ዝምታ ሰብረው ክርስቶስን የምድርና የሰማይ ዘላለማዊ ቀን እያሉ ይማጸኑታል። ማሕሌት ቆመን ያነጋንባቸው ሌሊቶች ትዝ ቢሉኝ አትፍረድብኝ።

ኦርጋኑ ለብቻው ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ የሚገቡት ባሶች፣ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ናቸው፤ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወንዶች፣ ቴነሮቹ፣ ይከተሏቸዋል፣ ከዚያ የሴቶቹ ዝቅተኛ ድምፅ፣ በመጨረሻ ከፍተኛው የሴቶች ድምፅ፣ ሶፕራኖዎች፤ ብርሃኑ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ይመጣል። ደህና ድምፅ የነበረው ባሳችን ከተማ ቀይሮ ስለሄደ ያ መግቢያ እኔ ላይ ወድቋል። ዝቅ አድርጌ ስጀምር ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ስደፍር ደግሞ ሳይነጋ ፀሐይ አወጣለሁ፤ የምትመራን ሴትዮም መዳፏን ወደ ወለሉ እየገፋች «ቀስ!» ትለኛለች።

አንተ መቋሚያህን ተደግፈህ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁላችን ደክመን ሳለ፣ ዜማውን በዚያ ለስላሳ ድምፅ ስታነሣ ትንፋሽህን እንዴት ነበር የምትይዘው? ያኔ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ቀናሁብህና ዝም አልሁ፤ እንዲህ ነው እውነቱ። እባክህ አንዱን የሌሊት ዜማ ከመነሻው ቀርጸህ ላክልኝ። ደግሞም... ከፍራንክፈርት ወደዚህ ባቡር አለ፣ ቤቴም ፍራሽ አይጠፋም፣ የምንለማመደውም ማታ ስለሆነ እንቅልፍህን አይነካብህም። ባስ አነሰን እልሃለሁ፤ ኖታውን ላክ ካልኸኝ ዛሬውኑ እልክልሃለሁ።

ወንድምህ