አንድ ጥንድ ኮንጎ ለሁለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ አልውልም። ግን ሁሌም አርሴናልና ማንቼ ነው። አርሴናልን እኔም እደግፋለሁ፣ ቅር ያለኝ እሱ አይደለም። እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ ስላለው ጨዋታ አንድም ቀን አለመጻፋችሁ ነው።

ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖች ከተጠለሉበት ሸራ አጠገብ ነው። ጎሉ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ ኳሱ ካልሲ ውስጥ የተጠቀጠቀ ጨርቅ። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ልጆች አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ ሲካፈሉ አየሁ። ቀኙን በቀኝ የሚመታው አጠለቀ፣ ግራውን በግራ የሚመታው። ሌላው እግራቸው ባዶ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እነዚህ ልጆች እርዳታ መቼ እንደሚመጣ ሲጠብቁ ይከርማሉ። ቅዳሜ ግን የሚጠበቁት እነሱ ናቸው። በረኛው አርፍዶ ሲመጣ እንዴት እንደተቆጡት ብታዩ! ስትቀር «የት ሄደ?» የሚልህ ሰው መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤት አልባ ሰዎች የራሳቸው የዓለም ዋንጫ እንዳላቸው ስንቶቻችን እናውቃለን? ሐሳቡ የተጠነሰሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ኬፕታውን ላይ ነው። ጀማሪዎቹ ስኮትላንዳዊው ሜል ያንግና ኦስትሪያዊው ሃራልድ ሽሚድ የጎዳና ጋዜጣ ሰዎች ነበሩ፤ በረንዳ አዳሪዎች እየሸጡ የሚተዳደሩበት ጋዜጣ ማለት ነው። (ጋዜጠኞች ናችሁና ይቺን ልብ በሉልኝ።) የመጀመሪያው ውድድር በ2003 ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ ከተማ ላይ ሲካሄድ 18 አገሮች ተጫወቱ። ጥገኝነት ጠያቂዎችም ይሰለፉበታል። በ2008 ሜልቦርን ላይ የወንዶቹን ዋንጫ የወሰደችው አፍጋኒስታን ናት። እኔ የወደድኩት ግን አንዱን ደንብ ነው፦ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሰለፈው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን። በሚቀጥለው ዓመት ተራው የሌላ ነው። እሱ ወደ ኑሮው ይሂድ ነው ነገሩ።

ሜዳው 22 ሜትር በ16 ነው። አራት ለአራት፣ ሁለት ጊዜ 7 ደቂቃ። አለቀ።

ይቺን የምታክል ቦታ ፍለጋ አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ «ደብዳቤ አምጣ»፣ ቀጥሎ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። በሦስተኛው አንዱ «ቤት ለሌለው ሰው ኳስ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኳስ ቤት አይሆንም። ግን ቤቱ እስኪመጣ ያለው ቀን ረጅም ነው። የ17 ዓመት ልጅ ያን ሁሉ ቀን ሸራ ስር ተጋድሞ ምን ያስብ?

የምንለምነው ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ብቻ አንድ የትምህርት ቤት ግቢ እንዲከፈትልን ነው። ኳስ አዋጥተን ገዝተናል፤ እዚያ ጠጠር ላይ ሳምንት ስለማይቆይ አልጋዬ ስር ተቀምጧል። እናንተም አንድ ቅዳሜ ጋዜጠኛ ላኩልን። ስኒከር አድርጎ ይምጣ። ከዚያ ካረፈደው ልጅ በቀር በረኛ መሆን የሚፈልግ የለም።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን