ልጅ ሊወስዱ ነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት በስፖርት ገጻችሁ ያወጣችሁት ጽሑፍ የአሜሪካ አንጋፋ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ጓዛቸውን ሸክፈው ለወጣቱ ቦታ ይልቀቁ ይላል። ጸሐፊው ነገር ያውቃል፣ ሁለቴ አስቆኛል። በሐሳቡ ግን አልስማማም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከአራት ኪሎ መጀመር አለብኝ።

46 ዓመቴ ነው። ልጅ ሆኜ ለትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ ለአንድ መሥሪያ ቤት ቡድን ተጫውቻለሁ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ ልጅ መጣ፣ ቢሮ መጣ። ኳሷ አልጋ ሥር ገባች። የዛሬ ሁለት ዓመት ልጄ ቤት ሲያጸዳ ጎትቶ አወጣት። ትንፋሿ አልቆ እንደ እንጀራ ተኝታለች። ጎሚስታ ቤት ወስጄ አስነፋኋትና በማግስቱ ቅዳሜ ከቢሮዬ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ሜዳ ሄድኩ።

በሩ ላይ አንድ ወጣት ዘበኛ አስቆመኝ። ቱታ ለብሻለሁ፣ ኳሷን በፌስታል አንጠልጥያለሁ።

«እናቴ፣ ልጅ ሊወስዱ ነው?»

«ልጫወት ነው።»

ፊቴን አየ፣ ፌስታሉን አየ። «ሜዳው ለወጣቶች ነው እኮ» አለኝ፣ በጣም በትህትና። ከመከልከሉ ይልቅ አንቱ ማለቱ አመመኝ። ክርክር አልወድም፣ ተመለስኩ።

የእናንተን ጽሑፍ ሳነብ ያ ዘበኛ ትዝ አለኝ። እሱም ጨዋ ነበር።

ቦታ ይልቀቅ ወደተባለው ሌብሮን ጄምስ ልምጣ። ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም. ሌሊት ከልጄ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን በስልክ እያየነው ነበር። ድምፁን ዘግተነዋል፣ አባትየው ተኝቷል። ቡድኑ ሌከርስ ቶሮንቶ ላይ ከራፕተርስ ጋር ነው፤ የእኛ ሰዓት 9፡30 ላይ ነው የተጀመረው። ሌብሮን በጊዜው 40 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥር 2007 ጀምሮ በተከታታይ በተጫወታቸው 1,297 መደበኛ ጨዋታዎች አንድም ቀን ከ10 ነጥብ በታች አስቆጥሮ አያውቅም። ያን ሌሊት 8 ላይ ቆሟል። ውጤቱ 120 እኩል፣ የቀረው ጥቂት ሰከንድ፣ ኳሱ ደግሞ እሱ እጅ ላይ። አንድ ቢያገባ ሪከርዱም ይቀጥላል፣ ቡድኑም ያሸንፋል። ተከላካዮቹ ወደ እሱ ሲሳቡ ጥግ ላይ ብቻውን ለቆመው ሩዪ ሃቺሙራ አቀበለው። ሦስት ነጥብ። 123 ለ120።

ልጄ «አበደ እንዴ!» ብሎ ጮኸ፣ አባትየውም ነቃ። ወደ 19 ዓመት የሚጠጋ ሪከርድ በአንድ ፓስ ሄደ። እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። ያንን ኳስ የ22 ዓመት ልጅ ያቀብለዋል ብዬ አላምንም። ራሴ በ22 ዓመቴ አላቀብለውም ነበር።

ጸሐፊው «ሰውነታቸው አልቋል» ይላል። ይሄ እውነት አለው። ሌብሮን ይህንኑ 23ኛ የውድድር ዓመቱን የጀመረው 14 ጨዋታ ካመለጠው በኋላ ነው፤ ሳያቲካ የሚሉት፣ ከወገብ ተነስቶ እግር ድረስ የሚወርድ ሕመም ይዞት። ይህን ሕመም አውቀዋለሁ። እኔን የያዘኝ ቅርጫት ሥር ሳይሆን ቢሮ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ታክሲ ውስጥ ለመግባት እንኳ እግሬን በእጄ አንስቼ ነበር የማስገባው። ሰውየው ግን ከዚያ ተነስቶ ከልጁ እኩዮች ጋር ይሮጣል። የልጁ እኩዮች ስል ደግሞ ለአፍ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከገዛ ልጁ ከብሮኒ ጋር በአንድ ማሊያ ተሰልፏል። አባትና ልጅ በኤን ቢ ኤ፣ በአሜሪካው ትልቁ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ አብረው ሲጫወቱ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው።

በእርግጥ ገንዘብ አለ። የራሳቸው አውሮፕላን፣ ወጌሻ፣ ምግብ አብሳይ፣ የበረዶ ገንዳ። እኛ ያለን በታኅሣሥ ጠዋት የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ነው (እሱም ከመጣ፤ ከመጣ ግን ከበረዶው አያንስም)። ነገር ግን ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሀብታም ሁሉ በ40 ዓመቱ ይዘል ነበር።

እኔ የገባኝ ሜዳ ላይ ነው። ከወር በኋላ ሌላ ዘበኛ ባለበት ቀን ገባሁ። ከ20 ዓመት ልጆች ጋር ሦስት ለሦስት። አዲስ አበባ እንደምታውቁት ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሁለቴ ወዲያ ወዲህ ብዬ ዓይኔ ጨለመ። ጉልበቴ ላይ የጠመጠምኩት ፋሻ ተፈትቶ እየተጎተተ ይከተለኛል። ልጆቹ ሳቃቸውን ለመያዝ ሲታገሉ አየሁ። በሦስተኛው ሳምንት መሮጥ ተውኩ። ከቅጣት መስመሩ ጫፍ ቆሜ ኳስ መቀበልና ማከፋፈል ጀመርኩ። ልጆቹ ኳሱን እንጂ ሰውን አያዩም፤ እኔ ደግሞ መሮጥ ስላልቻልኩ የማየው ሰውን ብቻ ነው። አሁን «ማዘር፣ አቀብይ!» ሲሉ እሰማለሁ። ማዘርነቱን ተቀብዬዋለሁ።

የድሮው የሌከርስ ተጫዋች ካሪም አብዱል ጀባርም እንዲሁ ነው፣ አምላክ ይቅር ይበለኝና ካነጻጸርኩት። በአንድ እጁ ከራሱ በላይ የሚጥላት ኳስ ፍጥነት አትጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1985 በ38 ዓመቱ የፍጻሜው ኮከብ ተባለባት፣ እስከ 42 ዓመቱም ተጫወተባት። በመጨረሻው ዓመት በአማካይ ያስቆጠረው 10 ነጥብ ገደማ ነበር። ያ ዓመት ባይኖር ይሻል ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልልም።

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ትዝ ይበላችሁ። የፓሪስ ኦሊምፒክ ቅዳሜ። ጠዋት ታምራት ቶላ በማራቶን ወርቅ ሲያመጣልን ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። በዚያው ሩጫ 42 ዓመት የሞላው ቀነኒሳ በቀለ 39ኛ ወጣ፣ ማንም አላነሳውም። ያው ቀነኒሳ ግን ከአራት ወር በፊት በሚያዝያ፣ ለንደን ላይ 2፡04፡15 ሮጦ ሁለተኛ ሆኖ ነበር፤ ያኔ 41 ዓመቱ ነው። ማታ 4፡30 ላይ የቅርጫት ኳሱ ፍጻሜ ሆነ፣ አሜሪካ ከፈረንሳይ። የ36 ዓመቱ ስቴፈን ኩሪ ስምንት ባለሦስት ነጥብ አስቆጠረ፣ አራቱን በመጨረሻዎቹ ሦስት ደቂቃዎች። 98 ለ87። የውድድሩ ኮከብ ማን ተባለ? የ39 ዓመቱ ሌብሮን። እስቲ እነዚህ ሰዎች ለማን ነበር ቦታ መልቀቅ የነበረባቸው?

ጽሑፋችሁ ሴቶቹን አለማንሳቱም ቅር አሰኝቶኛል። ዲያና ቶራሲ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 3 ቀን 2023 በ41 ዓመቷ በአንድ ጨዋታ 42 ነጥብ አስቆጥራ በአሜሪካ የሴቶች ሊግ 10,000 ነጥብ ያለፈች የመጀመሪያዋ ሆነች። በዓመቱ በፓሪስ ፍጻሜ፣ አሜሪካ ፈረንሳይን 67 ለ66 ባሸነፈችበት ጨዋታ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልገባችም። ተቀያሪ ወንበር ላይ ሆና ስድስተኛ የኦሊምፒክ ወርቋን ወሰደች። ያን ያህል ከተጫወቱ በኋላ ለ40 ደቂቃ ተቀምጦ ማጨብጨብ እንዴት እንደሚከብድ የተጫወተ ያውቀዋል።

በአንድ ነገር ጸሐፊው ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025-26 የውድድር ዓመት የሌብሮን ደመወዝ 52 ሚሊዮን ዶላር ያልፍ ነበር፣ ለአንድ ቡድን የተቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ ደግሞ 154 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሲሶውን አንድ አንጋፋ ሲወስድ ቡድን መገንባት ይከብዳል። ወጣት ቦታ አጣ የሚለው ግን አያስኬድም። በ30 ቡድኖች 450 ቦታ አለ፣ ከ38 ዓመት በላይ የሆኑት በእጅ ጣት ይቆጠራሉ።

የሚገርመው ይህን ክርክር እኛ ማንሳታችን ነው። ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ የወሰደው ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር የእኛ አይደለም? የውጭ ጋዜጠኞች ዕድሜህ ስንት ነው እያሉ ሲያስቸግሩት፣ ዶሮና በግ ይሰረቃል እንጂ ዕድሜ አይሰረቅም በማለቱ ይታወሳል። ዛሬ እኛ ጋ ስፖርተኛ ዕድሜው ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው፤ 30 ከሞላው እንደ ሚስጥር ይደብቀዋል። ቢደብቅ አልፈርድም፣ 30 ሲሞላው የሚጠብቀው «አባባ» የሚል ቅጽል ነው።

በኮሪደር ልማቱ ብዙ ሜዳ ተሠርቷል፣ ማታ ማታ መብራቱ ደስ ይላል። የምጠይቀው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ከ40 በላይ ለሆነ ሰው ይመደብ፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ቢሆን ልጆቹም ገና አልተነሱም። እናንተም አንድ ቅዳሜ ካሜራ ይዛችሁ ኑ። ጸሐፊያችሁ ቱታ ይዞ ይምጣ፣ ሦስት ለሦስት አንድ ሰው ይጎድለናል።

ያ የመጀመሪያው ዘበኛ አሁንም በሩ ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አርፍጄ ስደርስ ከሩቅ አይቶኝ በሩን ከፈተና «ቶሎ በይ፣ ጀምረዋል!» አለኝ። በአንቺ።

አንድ አንባቢያችሁ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ