«በኢታብስ ተሠርቷል» ብቻውን መልስ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተከታተለው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው ሲያስደነግጥ ከርሟል። ከዚያ ወዲህ «ሕንፃው ይችለዋል ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ባለቤት ወይም ተከራይ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «በኢታብስ ተሠርቷል» የሚል ነው። ኢታብስ የሕንፃን አቅም የሚያሰላ ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ጥሩ ነው፤ ችግሩ የሚያሰላው የነገሩትን ሕንፃ ብቻ መሆኑ ነው። በተነገረውና በሚገነባው መካከል በከተማችን በተደጋጋሚ የሚታየው ትልቅ ልዩነት ደግሞ የብሎኬት ግድግዳ ነው።

በተለመደው አሠራር ግድግዳው ሞዴሉ ውስጥ የሚገባው ቢም ላይ እንደተዘረጋ ጭነት ነው። ክብደቱ ይቆጠራል፣ ግትርነቱ ይረሳል። ጂ+8 የሆነ፣ 27 ሜትር ቁመት ያለው የአርማታ ፍሬም እንውሰድ። የአገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ ዲዛይን ኮድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፡2015፣ ግምታዊ ቀመሩ የመወዛወዣ ጊዜውን (ሕንፃው አንዴ ሄዶ እስኪመለስ የሚወስደውን ጊዜ) 0.89 ሰከንድ አካባቢ ያደርገዋል። ግድግዳ የሌለበት ሞዴል፣ የቢምና የኮለን ግትርነት በኮዱ መሠረት በግማሽ ተቀንሶ፣ 1.8 ሰከንድ ቢያወጣ አያስገርምም። በዚህ የስፔክትረም (ለየመወዛወዣ ጊዜው የሚያርፈውን ኃይል የሚያሳየው የኮዱ ኩርባ) ክፍል ጊዜው እጥፍ ሲሆን የአግድም ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ግትርነቱን መቀነሱ ትክክል ነው፤ ስህተቱ ግድግዳ የሞላበት ሕንፃ ባዶ ፍሬም ነው ብሎ ማመን ነው።

ከኃይሉ መጠን ይልቅ የሚያሳስበው ግን ጉዳቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ክፍት ይተዋል፣ ከላይ ያሉት ወለሎች በብሎኬት ይሞላሉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ የላዩ ክፍል እንደ አንድ አካል ይሄዳል፣ መዛባቱ (አንዱ ወለል ከሌላው አንጻር ወደ ጎን መሄዱ) በአብዛኛው በምድር ቤቱ ኮለኖች ላይ ይከማቻል። ግድግዳ የሌለበት ሞዴል ይህን አያሳይም፤ መዛባቱን በየወለሉ አከፋፍሎ ያማረ ግራፍ ያወጣል።

ኢኤስ ኢኤን 1998፡2015 ለዚህ መላ አለው። የምድር ቤቱ ኮለኖች የሚሸከሙት ጠቅላላ የመሬት መንቀጥቀጥ ሺር (ወደ ጎን የሚቆርጥ ኃይል) 1200 ኪሎ ኒውተን ቢሆንና ከላዩ ወለል ጋር ሲነጻጸር የጎደለው የግድግዳ አቅም 600 ቢሆን፣ 600ን ለ1200 አካፍሎ 1 መደመር ነው፤ በዚያ ወለል ኮለኖች ላይ ያለው የመሬት መንቀጥቀጥ ሞመንት (የሚያጥፍ ጫና) እና ሺር በ1.5 ይባዛል። ለመካከለኛ ደክቲሊቲ (ሳይሰበር የመተጣጠፍ ችሎታ) ሕንፃም እንደ መልካም አሠራር ይመከራል፤ በእኔ እምነት ሱቅ ያለበት ሕንፃ ሁሉ ሊሠራበት ይገባል። ግድግዳውን በሰያፍ ስትራት (ከማዕዘን ማዕዘን በሚዘረጋ ግፊት ተሸካሚ ዘንግ) ሞዴል ማድረግ የሚፈልግ፣ የስፔክትረም ትንተና መስመራዊ ስለሆነ «ግፊት ብቻ ይሸከም» የሚለውን ትእዛዝ እንደማይቀበል ይወቅ። በአንድ ፓነል (በቢምና በኮለን የታጠረ ግድግዳ) ውስጥ ጫፎቹ እንደ ማጠፊያ የተለቀቁ አንድ ስትራት ይግባ፤ ስፋቱ ከሰያፉ ርዝመት አንድ አሥረኛ ያህል፣ የማቴሪያሉ ሞዱለስም (የግትርነት መለኪያው) የብሎኬት ግንብ እንጂ የአርማታ አይሁን። ከዚያ ሞዴሉ ከግድግዳ ጋርም ያለ ግድግዳም ተሠርቶ የከፋው ውጤት ይወሰድ።

ይኸው ኮድ ግድግዳ በሞላባቸው ፍሬሞች የምድር ቤቱን ኮለን ሙሉ ቁመት እንደ አደገኛ ቀጠና ይቆጥረዋል። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ኮለን ስታፋው (ፌሮውን ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) ከግርጌ እስከ አናት ከ12.5 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ልዩነት ይደረደራል ማለት ነው፤ ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ውስጥ ይገባል። ጫፍና ጫፉን አጥብቆ መሃሉን በ20 የሚያሳልፍ የወርክሾፕ ድሮዊንግ በዚህ ወለል አይሠራም። ሁለት ሦስተኛ ድረስ ብቻ የተሞላ ግድግዳም እንዲሁ አደገኛ ነው፦ የኮለኑ ነፃ ቁመት ከ2.7 ወደ 0.9 ሜትር ሲያጥር፣ ሁለቱ ጫፎቹ አቅማቸው ላይ ሲደርሱ የሚፈጠረው ሺር ሦስት እጥፍ ይሆናል። የደረጃው ማረፊያ ቢም ኮለን መሃል ሲገባም ያው ነው፤ ደረጃውን ግን ሞዴል ውስጥ የሚያስገባ ጥቂት ነው።

ሌላው ብዙዎች የሚሳሳቱበት የወለል መዛባት ንባብ ነው። ባለ 3 ሜትር ወለል ላይ ሶፍትዌሩ 12 ሚሊ ሜትር አሳየ እንበል። ለተሰባሪ ግድግዳ ገደቡ 15 ነው፣ «አለፈ» ተብሎ ይታተማል። ግን ኃይሉ በኪው (ሕንፃው ሳይፈርስ ስለሚተጣጠፍ ኮዱ ኃይሉን እንዲቀንሱበት በሚፈቅደው ቁጥር) ተካፍሎ ስለነበር መዛባቱ ተመልሶ በኪው መባዛት አለበት። ኪው 3.9 ከሆነና ለመደበኛ ሕንፃ የሚሠራበት 0.5 ቅነሳ ከተያዘ 23.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ወድቋል።

ፈቃድ ሰጪዎች ከመቶ ገጽ ሕትመት በፊት አንድ ገጽ ይጠይቁ፦ የቦታው ፍጥንጥነት ስንት ተያዘ፣ የአፈሩ ዓይነትና ኪው፣ የግትርነት ቅነሳው፣ ክብደቱ ከየትኛው ጭነት ተሰበሰበ፣ ግድግዳዎቹ እንዴት ታዩ፣ ግርጌ ላይ ያለው ኃይል በእጅ ስሌት ሲፈተሽ ምን ወጣ። ፍጥንጥነቱ የሚለካው ከመሬት ስበት አንጻር ነው፤ አዲስ አበባ በ1995 እ.ኤ.አ. ኮድ 0.05 ነበረች፣ አሁን 0.10 ናት፤ አዳማና ሐዋሳ 0.15 ናቸው። የድሮ ፋይል ቀድቶ ስም ብቻ የቀየረ ሰው በዚያ ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይታያል።

ግንባታው ካለቀ በኋላ ምድር ቤቱን ለሱቅ ብሎ ግድግዳ ማፍረስም የቀለም እድሳት ተደርጎ መታየቱ ይቅር። የፈረሰው ግድግዳ በስሌቱ ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበረው የሚያውቀው ዲዛይኑን የሠራው መሐንዲስ ነውና፣ የማፍረስ ፈቃድ ያለ እሱ የጽሑፍ ስሌት አይሰጥ።

ከሰላምታ ጋር፣
የስትራክቸር መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ