ለታምራት፣ በረዶ ላይ ከማደርህ በፊት

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ

ውድ ወንድሜ ታምራት፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ አለፈ። ደብዳቤህ ሲደርሰኝ በጣም ነው የናፈቅኸኝ። ከገና በኋላ ከሥራ ጓደኛህ ጋር እዚያ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ድንኳን ተክላችሁ፣ በረዶውን ሰርስራችሁ ዓሣ እያጠመዳችሁ ልታድሩ ማሰባችሁን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ሰጋሁም። እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ በጀልባና በመረብ ሲጠመድ እያየ ላደገ ሰው ነገሩ ሌላ ዓለም ነው። ሚኒሶታ በኖርኩባቸው ዓመታት የማውቀውን ሳልቆጥብ ልጻፍልህ፤ እባክህ ጓደኛህም እንዲሰማው አድርግ።

ያሰጋኝ ከብርዱ ይልቅ ማሞቂያው ነው። ከሰል ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ሲቀሩ እየሰማን ነው ያደግነው። የጋዝ ማሞቂያም ድንኳን ውስጥ አየር ሲያጥረው የሚያወጣው ያንኑ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ጥቂቱ ይበቃል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡና 911 ደውሉ። እኛ ዘንድ ወተት የሚያጠጣም ሎሚ የሚያሸትም አለ፤ ሁለቱም አይረዱም። የሚያድነው ንጹሕ አየርና ሆስፒታል የሚሰጠው ኦክስጅን ብቻ ነው።

ስለዚህ ድንኳኑ ላይ ሁለት የአየር ቀዳዳ ይኑር፤ አንዱ ከወለሉ አጠገብ፣ ሌላው ጣሪያው ሥር። አንዱ ብቻ ከሆነ አየሩ አይዘዋወርም። ስፋታቸውን ማሞቂያው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ እዩ፤ ከዚያ አታሳንሱ። ሌሊት ደግሞ ትንፋሻችሁ የላይኛውን ቀዳዳ በውርጭ ይደፍነዋል፣ ነፋስ የሚነዳው ስኖው (እንደ ዱቄት ከሰማይ የሚወርደው በረዶ) የታችኛውን ይቀብረዋል። ስትተኙም ስትነቁም በእጃችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር የሚጮኸውን አላርም ግዙ፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ለመኖሪያ ቤት የተሠራው ብዙውን ጊዜ ለብርድ የታሰበ ስላልሆነ፣ ለካምፒንግ መኪና የሚሸጠውን ጠይቁ። ባትሪው ሊቲየም ይሁን፤ ተራው በብርድ ቶሎ ይደክማል። አላርሙን ተኝታችሁ ራሳችሁ በሚያርፍበት ከፍታ ስቀሉት እንጂ ከማሞቂያው በላይ አታድርጉት። አንድ ነገር ግን እወቅ፦ አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን እጅ 400 ያህል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲኖር አላርሙ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ይጮኻል፤ 70 ብቻ ሲሆን ግን ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። አልጮኸም ማለት አየሩ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ብዙ የጋዝ ማሞቂያዎች ኦክስጅን ሲቀንስ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መቆጣጠሪያ አላቸው፤ እሱም ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም፤ ሻጩ ያንን አሳይቶ አላርም አያስፈልግህም ቢልህ አትስማው።

አሁን የማሞቂያው ምርጫ። ለሁለት ሰው ድርብ ጨርቅ ላለው ድንኳን በሰዓት 9,000 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) የሚሰጥ የፕሮፔን ማሞቂያ ይበቃል። ግማሽ ኪሎ የማትሞላው ትንሿ ሲሊንደር በሙሉ ኃይል ሁለት ሰዓት ያህል፣ በዝቅተኛው አምስት ሰዓት ያህል ትሄዳለች። ጋዙ በተነነ ቁጥር ሲሊንደሯን ስለሚያቀዘቅዛት ግማሽ ላይ ስትደርስ ውርጭ ይለብሳትና እሳቱ ይደክማል። 9 ኪሎ የሚይዘው ትልቁ ይሻላል፤ በሙሉ ኃይል እንኳ ከ40 ሰዓት በላይ ያስኬዳል። እሱ ግን ቀጥ ብሎ ውጭ ይቁም፤ ቱቦው ብቻ ይግባ። ከቱቦው የሚወጣው ቅባት ማሞቂያውን ስለሚደፍን ማጣሪያ ይኑረው። ማያያዣዎቹን ቤት ሳላችሁ በሳሙና ውኃ ፈትሹ። ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ካፈሰሰ ወለሉ ላይ ይተኛል።

ያም ሆኖ በጋዝ ማሞቂያ አትተኙ። አምራቾቹ ራሳቸው ይከለክላሉ፣ እኔም እለምንሃለሁ። ነቅታችሁ ስታጠምዱ ጥሩ ነው። ለእንቅልፍ ግን ውጭ ተቀምጦ ትኩስ አየር በቱቦ የሚነፋውን የናፍጣ ማሞቂያ ተከራዩ ወይም ግዙ። ነበልባሉም ጭሱም ውጭ ስለሚቀር ድንኳኑን ደረቅ ሙቀት ይሞላዋል። 2 ኪሎዋት የሆነው ለእናንተ በቂ ነው፤ በሙሉ ኃይል በሰዓት ሩብ ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ 5 ሊትር ሌሊቱን አሳድሮ ይተርፋል። ናፍጣው የክረምቱ ይሁን፤ ተራው በዚያ ብርድ ውስጡ ያለው ሰም ይረጋና ማጣሪያውን ይዘጋል። ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃ 10 አምፒር ያህል ይስባል፣ ከዚያ ወደ አንድና ሁለት ይወርዳል፤ 50 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ያሳድረዋል። ባትሪውን ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ አታድርጉት፣ ይበላሻል። የጭሱ ቱቦ ነፋሱ ወደሚሄድበት ይዙር፣ አየር ከሚስብበት አፍም ይራቅ። ስታጠፉት በማብሪያው ብቻ አጥፉትና ማራገቢያው እስኪቆም ጠብቁ፤ ባትሪውን ድንገት ከነቀላችሁት በውስጡ የቀረው ሙቀት ያቃጥለዋል።

ስለ በረዶው አጭር ልሁን። አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ለእግረኛ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለትንሽ መኪና 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። ነጭ በረዶ ጥንካሬው ግማሽ ስለሆነ ያንን እጥፍ አድርጉት። ዳር ላይ ለክታችሁ አትተማመኑ፤ በየ45 ሜትሩ እየሰረሰራችሁ ሂዱ። ሚል ላክስ ላይ በረዶው ተጋፍቶ ወደ ላይ የሚቆለልበት ስንጥቅ አለ፤ ከዚያ ራቁ። ውኃ ውስጥ ብትገቡ በረዶውን ወግታችሁ የምትወጡበት ሁለት ሹል ብረት በገመድ አንገታችሁ ላይ ይንጠልጠል። ሌሊት በረዶው እንደ ነጎድጓድ ቢጮኽ አትደንግጡ፤ የሙቀት ለውጥ ሲሸበሽበውና ሲለጥጠው ነው።

ድንኳኑን ከመወጠራችሁ በፊት ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች በካስማ ያዙ። ካላያዛችሁት ነፋሱ ያነሣውና በሚያንሸራትተው በረዶ ላይ የሚያቆመው የለም። ካስማው እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ነው፤ በባትሪ ድሪል ቀዳዳ ካልጀመራችሁለት በእጅ ማስገባት ይከብዳል። ጫፉን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ አስገቡት፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ አውታሩን ወጥሩ። በሩ ነፋሱ በማይመታበት በኩል ይሁን። ከግርጌ የሚተርፈውን ጨርቅ ደረቅ ስኖው ጫኑበት። እርጥቡን ከጫናችሁ ወይም ከጉድጓዱ የሚፈሰው ውኃ ከነካው ከበረዶው ጋር ይጣበቅና ጠዋት ስትጎትቱት ይቀደዳል።

ጉድጓዶቹን ወለሉን ከማንጠፋችሁ በፊት ሰርስሩ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይበቃል። ከበሩም ከአልጋውም ይራቁ፤ በጨለማ እግር ይገባባቸዋል። ሚኒሶታ በክረምት ለአንድ ሰው ሁለት መስመር ትፈቅዳለች። ዋልአይ የሚባለው ዓሣ በብዛት የሚበላው ሲመሽና ሲነጋ ስለሆነ እኩለ ሌሊት ላይ ብትተኙ ብዙ አይቀርባችሁም።

ወለሉ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውፍረት ያለው ስፖንጅ አንጥፉ። የጋዝ ማሞቂያው ጣውላ ላይ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ከሥሩ ያለው በረዶ ቀልጦ ያዘነብለዋል። ከፊቱ 60፣ ከበላዩ 75 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይሁን። ብዙ ሰው የማያስበው እርጥበቱን ነው፦ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውኃ ይወጣዋል። ማሞቂያው አሥር ሰዓት በሙሉ ኃይል ቢነድ ሦስት ሊትር ውኃ ጣሪያችሁ ላይ ተጣብቆ ሊንጠባጠብ ነው። የአየር ቀዳዳው ለዚህም ይጠቅማል፤ ጣሪያው ላይ የምትሰቀል ትንሽ የባትሪ ማራገቢያም ሙቀቱን ወደ እግራችሁ ትመልሳለች።

ታጣፊ አልጋ ላይ ተኙ፤ ከሥሩ ብርድ ስለሚያልፍ አልጋው ላይም ፍራሽ ይደረብ። ስሊፒንግ ባጉን ማሞቂያ እንደሌለ አስባችሁ ምረጡ፤ ሌሊት ቢጠፋ እስከ ንጋት ሊያቆያችሁ ይገባል። ላብ የነካውን ልብስ ቀይሩ፤ ጥጥ አትልበሱ። የበሩ ዚፕ በውርጭ ስለሚጣበቅ ጨርቁን መቅደጃ ቢላዋ ራስጌያችሁ ይኑር።

ቡና እንደምትፈልግ አውቃለሁ። ጀበናውን ይዘህ ሂድ፤ ከሰል ግን ለቡናም ለዕጣንም ድንኳን ውስጥ አይገባም። ጠፍጣፋዋ የካምፒንግ ምድጃም አትሠራልህም፤ የምትነድበት ቡቴን የሚባለው ጋዝ ከዜሮ ዲግሪ ግድም በታች ስለማይተን። በፕሮፔን ምድጃ በሩን ከፍተህ አፍላና ፔርሙዝ ውስጥ ጨምረው።

የድንኳኑን ቁመትና ስፋት፣ ስንት ሰው እንደምታድሩና የምትወስዱትን ማሞቂያ ጽፈህ ላክልኝ፤ ነዳጁንና ባትሪውን አስልቼ በቶሎ እመልስልሃለሁ። ለልጆቹና ለእናታቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወንድምህ